በማክሰኞ የተሠራ መዝገብ

ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት ኖሮኝ አያውቅም። የስንብት ግብዣና የምስጋና ወረቀት ለእኔ ዓይነቱ አይደርስም። ከሃያ ዓመት በላይ ለካርቱም ነጋዴዎች ድረ ገጽ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ያወጣኝ አንድ የጎማ ነጋዴ ነው፤ እሱም ሳያስበው። ከጦርነቱ ሸሽቶ ከሄደበት ከካይሮ ደወለ። እንደ ሱዳኖች ወግ ሰላምታውን አርዝሞ፣ ቤተሰብ እንደሌለኝ እያወቀ የቤተሰቤን ደኅንነት ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሲያበቃ፣ ሴት ልጁ አዲሱን ድረ ገጽ በስልኳ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደጨረሰችው አበሠረኝ። የምትፈልገውን በቃል ትነግረዋለች፣ ማሽኑ ይጽፍላታል። አንተን እንዳላስቸግር ብዬ ነው አለኝ። ገብቼ አየሁት፤ ከእኔው ያምራል። ስህተት ፈልጌ ሁለት አገኘሁበት፤ ጎማ ከመሸጥ የሚያግድ ስህተት ግን አልነበረም። በዚያው ዕለት ሥራ ማቆሜን ለራሴ ነገርኩት። ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

ካርቱም የመጣሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ስድስት ወር እቆያለሁ ብዬ ወጣሁና ስድስት ወሩ ዕድሜዬን በላው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ፣ ከሚኒባስ መናኸሪያው ፊት ለፊት በነበረ ጠባብ የጽሕፈት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የሾፌሮቹ ረዳቶች ከውጭ እየጮኹ የሰፈር ስም ሲጠሩ እኔ ከውስጥ የሰው ስምና የአባት ስም እጠራለሁ። ዐረብኛዬን የተማርኩት ከዚያ ጩኸት ነው ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ዐረብኛ ስናገር ሰው የተቆጣሁ የሚመስለው።

ከጽሕፈት ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ኡስታዝ በሺር የሚባል ሰው ነበር። ድሮ የስልክ ቴክኒሻን የነበረ፣ ረጅም፣ ጃላቢያው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሱዳናዊ ነው። ድረ ገጽ የሚለው ነገር ለብዙ ነጋዴ ገና እንግዳ በነበረበት ጊዜ ለነጋዴዎች ድረ ገጽ ይሠራል። አንድ ቀን የሚታተም ሰንጠረዥ ይዞ ወረደ። ሁለት ዓምዶች እንደማይገናኙ አይቼ ሳልጠየቅ አስተካከልኩለት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና “ያ ዞል፣ አንተ የምትጽፈውን ታነባለህ ማለት ነው” አለኝ። ዞል እዚህ ሰውዬው እንደ ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር ወደ ላይኛው ክፍል ወጣሁ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ድረ ገጽ እንደ ቤት ሳሎንም ጓዳም አለው። ሳሎኑ ደንበኛው የሚያየው ነው፤ ቀለሙ፣ ፎቶው፣ የሚጫነው ቁልፍ። ጓዳው ከበስተኋላ ሆኖ የሚጻፈውን ሁሉ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ፣ ሲጠየቅም አውጥቶ የሚሰጥ ነው። በሌላ አገር ሁለቱን የሚሠሩት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ይባላል። እኛ ዘንድ ሁለቱንም አንድ ሰው ይሠራል። ያኔ ከሱዳን ሆኖ በካርድ መክፈል ስለማይቻል፣ ድረ ገጾቹ የሚቀመጡበትን የሰርቨር ኪራይ ጅዳ ያለ የአጎቴ ልጅ ይከፍልልን ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ እየጻፍን እንጸልያለን፤ እሱ በሃይማኖቱ፣ እኔ በሃይማኖቴ።

ኡስታዝ ኮድ ከመጻፉ በፊት ይቀመጥ ነበር። ማለቴ ደንበኛው ሱቅ ሄዶ፣ የፕላስቲክ ወንበር ስቦ፣ ከባለቤቱ ሳይሆን ከሚጽፈው ሠራተኛ አጠገብ አንድ ቀን ሙሉ ይቀመጣል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። ሠራተኛው መጀመሪያ ይጨነቃል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ቀኑ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ዛሬ ስንት ጊዜ ተናደድክ፣ በምን? መልሱን ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በማስመሪያ እያሰመረ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተር የሚከፈተው። ሠርተን ስንጨርስ ደግሞ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ ይዞ ቀትር ላይ መንገድ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሞክረዋል፤ ገዢው የሚያነበው እዚያ ነው ይላል። ፕሮግራም ዝም ካለህ ጠርጥረው የሚል አባባልም ነበረው። በጾም ወራት የፉል ሳህናችን ላይ አይብ እንዳይደረግ የሚያዘው እሱ ነበር። አንድም ቀን አስታውሼው አላውቅም።

መቀመጡ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በነበረ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ የቀጠሮ ገጽ ፈልጎ ሲያዘን፣ የሚበርሩ ነጫጭ ጥርሶች ይኑሩበት፣ ሙዚቃም ይኑረው አለ። ኡስታዝ ኢንሻአላህ አለው። የኡስታዝ ኢንሻአላህ ሦስት ዓይነት ነበር፤ ያኛው ሦስተኛው ነው፣ በፍጹም የማይሆነው። ከዚያ እንግዳ ተቀባይዋ አጠገብ ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት በአንድ ቀጠሮ አራት ልጆች ይዛ ገባች። ትንሽ ቆይቶ አንድ አባት ከሦስት ልጆች ጋር መጣ። እንግዳ ተቀባይዋ ደብተሯ ላይ አንድ ስም ጽፋ አጠገቡ በልጆቹ ቁጥር ነጥብ ነጥብ ታደርጋለች። ገጹን በነጥቧ ልክ ሠራነው። አንድ ስም ብዙ ሰው ሊሸከም እንደሚችል እዚያ ተማርኩ፤ ተማርኩ ብዬ ነበር።

ኡስታዝ ልቡን ሲታመም ካይሮ ያለችው ልጁ ወሰደችው። በዓመቱ አረፈ። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፤ ለቅሶ የምደርስበት ቤትም ካርቱም ውስጥ አልቀረም። የሱቅ ዐረቢውን ክፍል መልሼ ኮምፒውተሩን አል-ሳሃፋ ሰፈር ወዳለው ማደሪያዬ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሁሉ ለብቻ ሆነ። ደንበኛ በስልክ ይጠራል፣ ሥራው በኢንተርኔት ይሄዳል። ብዙዎቹ መልኬን አያውቁትም፤ ኮምፒውተር የሚሠራው ሐበሻ ይሉኛል። ከዳቦ ሻጩ በቀር ሰው ሳላናግር ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይሄዳል። አንድ ልማድ አመጣሁ፤ ምሳ ስበላ የደንበኞቼን ድረ ገጾች ጎብኚዎች ዝርዝር ከፍቼ እመለከታለሁ። ከኦምዱርማን አንድ ሰው የጎማ ዋጋ ሲያይ ይታየኛል። ሰውየው እስኪወጣ አብሬው እቆያለሁ። እንዲህ ብቸኛ ነበርኩ።

ሐጃ ሞሚና የመጣችብኝ በዚህ ጊዜ ነው። ሱቋ ከቤቴ ሁለት ጎዳና አለፍ ብሎ ነበር፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ አንሶላ ትሸጣለች። የወሎ ሴት ናት፤ ካርቱም ከገባች ከእኔ የበለጠ ዘመን ሆኗታል። የሰው ቤት የሚሠሩት የአገሯ ልጆች ሁሉ የሚያውቋት ግን በበርበሬው አይደለም። ሴቶቹ አሠሪያቸው ቤት ያድራሉ፣ የሚያርፉት ጁምዓ፣ ማለትም ዓርብ ብቻ ነው። ስድስት ሰባት እየሆኑ አል-ሳሃፋ ውስጥ አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ የጁምዓ ቤት ይሏታል። ጁምዓ ጁምዓ እዚያ ተገናኝተው ከዚያ ሐጃ ጋ ይመጣሉ። ሐጃም እያንዳንዷ የት ሰፈር፣ የማን ቤት እንደምትሠራ፣ አንድ ነገር ብትሆን አገር ቤት ለማን እንደሚነገር ደብተር ላይ ትጽፋለች። የምትጽፈው አማርኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የዐረብ ነው፣ አባቷ መድረሳ እንዳስተማሯት። ከእሷ በቀር የሚያነበው አልነበረም።

አስጠርታኝ ወንበር ሰጠችኝና “ጌታቸው፣ ዓይኔ እየከዳኝ ነው” አለችኝ። “እኔ ብሞት እነዚህን ልጆች እናቶቻቸው ከየት ያገኟቸዋል? አሠሪያቸው አንዱን ቀን ወደ ሌላ ቤት ያሻግራቸዋል። ስልካቸውን ይቀማቸዋል። ያሉበትን የሚያውቅ ይህ ደፍተር ብቻ ነው።” በእኔ ኮምፒውተር ይግባ፣ ሌላም ሰው ያንብበው ነው የምትለው። ደስ ብሎኝ እሺ አልኳት። ለጎማና ለጥርስ ስሠራ ኖሬ ለወገን የምሠራው የመጀመሪያው ነበር። ጁምዓ ናና እያቸው አለችኝ፤ እመጣለሁ አልኳት።

የሄድኩት ማክሰኞ ነው። እውነቱን ለመናገር መቀመጥ እንዳለብኝ አልረሳሁትም፤ ያሸነፈኝ ይሉኝታ ነው። ጁምዓ በዚያ በር ሳልፍ አይቻቸዋለሁ። ሱቁና ጓሮው በሴት ይሞላል። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት አንገታቸውን ደፍተው የከረሙ ልጆች ሻርፓቸውን አውልቀው፣ አንዷ በአንዷ ጭን ላይ ተኝታ፣ ጸጉር እየተሠራሩ ይስቃሉ። ሽማግሌ ሊባል ምንም ያልቀረው ወንደላጤ፣ ያውም ክርስቲያን፣ መሀላቸው ወንበር ስቦ ቢጎለት ምን ይባላል? እነሱስ ያቺን አንድ ቀናቸውን እንደልባቸው ይሆናሉ? እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። የመጡት ካርቱም ሁለት ምግብ ቤት ያላት ሴትና ሁለት ነጋዴዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ስልክ ይዘዋል፣ አንዷ እንዲያውም ሁለት። አየሁ፣ ጻፍኩ፣ ቤቴ ገባሁ።

መዝገብ ሲሠራ አንዷን ሰው ከሌላዋ የሚለይ አንድ ነገር መመረጥ አለበት። ስም አይሆንም፤ ፋጡማ መሐመድ ብቻዋን ከአሥር ትበልጣለች። ፓስፖርት አሠሪው ዘንድ ነው፣ ወይም ከነጭራሹ የለም። ስልክ ቁጥር ግን የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ማክሰኞ ያየሁት ይህንኑ ነው። ቁጥሩ መዝገቡ ውስጥ ካለ፣ ያቺው ሴት ቤት ቀይራ አድራሻዋን ልታስተካክል መጥታለች ማለት ነው፤ አዲሱ በአሮጌው ይተካ። ስህተት ነው እያለ መዝጋቢዋን እንዳይነዘንዛት ብዬም ምንም እንዳይጠይቅ አደረግኩት። ምን ቢገባ ተመዝግቧል ብሎ ያልፋል። በዚህ እኮራ ነበር።

መዝጋቢዋ ሰዓዳ ናት። ራሷም ዓመታት የሰው ቤት ሠርታ የወጣች፣ በጎልማሳነቷ ማንበብ የተማረች፣ ፈጣን ሴት ናት። የሐጃን ደብተር እያስነበበች ገለበጠችው፤ ከዚያ በኋላ በየጁምዓው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጣ የሚመጡትን በስልኳ ትመዘግባለች። ሐጃም ከዚያ ወዲያ ደብተሩ ላይ መጻፍ ተወች። በዓመት ከመንፈቅ ስኳሯ በረታና አልጋ ያዘች። ልጠይቃት ስሄድ እጄን ይዛ “አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ልቤ አርፏል። ተጽፏል” አለችኝ። ምንም አይደል አልኩና ምስጋናዋን ተቀበልኩ። በዚያው ሳምንት ሞተች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ ስለ መዝገቡ ነው የምናገረው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰዓዳ ከቤቴ መጣች። አንድ የገዳሪፍ ባለ አውቶቡስ ሴቶቹን ለማውጣት ፈቅዷል። እናቶችና ወንድሞች ከአገር ቤት እየደወሉ ስልኳን አግለውታል። ያላ፣ መዝገቡን ክፈትና በየሰፈሩ ለይተህ አንብብልኝ አለችኝ። ኢንተርኔቱ ለጥቂት ደቂቃ መጣ። ከፈትኩት። ሰባ አንድ ስም ነበረበት።

“ጋሽ ጌታቸው፣ ወላሂ ከሁለት መቶ በላይ ነው በእጄ የጻፍኩት” አለች ሰዓዳ።

ስልክ ቁጥሮቹን አየሁና ወዲያው ገባኝ። ብዙዎቹ ልጆች የራሳቸው ስልክ የላቸውም። ያላትም መዳሟ፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ ትወስድባታለች። ስለዚህ ስልክ ሲጠየቁ የጁምዓ ቤታቸውን ስልክ ነው የሚሰጡት፤ ክፍሏ ውስጥ ግድግዳ ላይ በፌስታል ተንጠልጥሎ የሚቆየውን፣ ለሰባቱም አንድ የሆነውን። ሰዓዳ ሰባቱን አከታትላ ጽፋለች፤ የኔ ፕሮግራም ሰባቱንም እንደ አንዲት ሴት ቆጥሮ አንዷን በሌላዋ እየተካ፣ የመጨረሻዋን ብቻ አስቀምጧል። ባክአፑም፣ መጠባበቂያ ቅጂው ማለት ነው፣ በየሳምንቱ ያለፈውን እየሻረ ነበር። አንዲት ጁምዓ ሱቁ ደጃፍ ብቀመጥ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ያንኑ ቁጥር ሦስት ጊዜ እሰማው ነበር።

ሰዓዳን ምን አልኳት? ኔትወርኩ ነው አልኳት። ሙሉው አልወረደም፣ ነገ ይመጣል። አመነችኝና ሄደች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ከአንድ ሌሊት በላይ አላደረም፣ ተኩሱ ጋብ ሲል ጎህ እንደቀደደ ቤቷ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ቆሜ ነገርኳት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሉም፣ አይመጡም አልኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሻርፗን ጠቅልላ ጫማዋን ፈለገች። “ኸላስ፣ ትላንት ብትነግረኝ አንድ ቀን እናተርፍ ነበር” አለች።

ከዚያ የየጁምዓ ቤቱን ልጆች ፍለጋ ዞርን። የመጨረሻዋን፣ መዝገቡ ላይ የቀረችውን ከምትሠራበት ቤት አግኝተን፣ ጓደኞቿ የት የት እንደሚሠሩ እንጠይቃታለን። ካርቱም ሁለት ከፋርማሲው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። ሦስተኛ ፎቅ፣ ውሻ ያለበት። እንዲህ ባለ አድራሻ በእግራችን ሄደን እያንኳኳን አወጣናቸው። ለሴት ድምፅ ስለሚከፍቱ የምትጣራው ሰዓዳ ናት፤ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ፈርቼ አላውቅም። ብዙዎቹን አገኘናቸው፤ ያላገኘናቸውም አብዛኞቹ ከአሠሪዎቻቸው ጋር ወጥተው ኋላ ደወሉ። በመጨረሻው አውቶቡስ እኛም ገዳሪፍ ወጣን።

መዝገቡ ላይ የእኔ ስልክ ስላለ የሚደወለው ለእኔ ነበር። ገዳሪፍ በገባሁ በሁለተኛው ወር አንዲት ሴት ከባቲ ደወሉ። ስማቸው ዘሀራ ነው፤ ልጃቸው ከድጃ ሰዒድ ትባላለች። ከካርቱም የተመለሰች የሰፈራቸው ልጅ ስለ መዝገቡ ነግራቸዋለች። አይዘባርቁም፣ አያለቅሱም፤ ስሟ አለ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ፈለግኩ። “የለም፣ እማማ” አልኳቸው። “እንደማይኖር አውቄው ነበር” አሉ። “ተጣልተን ነው የወጣችው። እኔ ዘንድ ይነገር ብላ ስሜን የምታስጽፍ ልጅ አይደለችም። አላህ ይስጥልኝ ልጄ።” ስልኩን ዘጉት። ሌሎቹ እናቶች በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ እሳቸው ግን ሁለተኛ አልደወሉም።

ለሰዓዳ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ከድጃን አስታወሰቻት። በሁለት መቶ ሴት መሀል ያስታወሰቻት በአንድ ምክንያት ነው። ልጅቷ ተራዋ ደርሶ ተጠሪሽ ማነው ስትባል ማንም የለኝም አለች። ሰዓዳም ባዶ አድርጋ ልታልፍ ስትል ልጅቷ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ቆይ፣ ጻፊ፣ እናቴ ዘሀራ፣ ባቲ አለቻት። የምትሠራበትንም ቤት ነግራታለች፤ እሱን ግን ሰዓዳ አታስታውሰውም፣ ማንም አያስታውሰውም። የጁምዓ ቤት ጓደኞቿም አያውቁትም፤ ሁለት ጁምዓ ብቻ መጥታ ከዚያ መዳሟ ከለከለቻት። ያ ቤት የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ በዚያው የጁምዓ ቤት ስልክ የተመዘገበችው አሚና የምትባል ልጅ ናት፤ አሚና አገሯ ገብታለች።

እንግዲህ ለእማማ ዘሀራ የሰጠሁት መልስ ምን እንደነበር ያኔ ተረዳሁ። ስሟ የለም ስላቸው እሳቸው የሰሙት ልጅሽ አልፈለገችሽም የሚለውን ነው። መልሼ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። መጀመሪያ ከድጃ ትገኝና አብሬ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰዓዳ በየካምፑና በየመንገደኛው ስታፈላልግ ከረመች፤ ምንም አልተሰማም። ቆይቶ ደግሞ ይህን ያህል ከዘገየሁ በኋላ ምን ብዬ እደውላለሁ የሚል መጣ። ማክሰኞ የላከኝ ያው ይሉኝታ ነው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

ሰው ወደ ካርቱም መመለስ ሲጀምር ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ የሚጠይቁኝ አሉ፤ የምሄድበት ሌላ ቤት ስለሌለኝ ነው። ክፍሌ በሩና መስኮቱ ተነቅሏል፣ ግድግዳው አለ። ሱቅ ዐረቢ አብዛኛው ተቃጥሏል፤ የኡስታዝ ክፍል የነበረበት ፎቅ ደረጃው ብቻ ቆሟል። የሐጃ ሱቅ ታሽጓል። ጎረቤቶቼ ከነበሩት የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ሰዓዳ ገዳሪፍ ቀረች፣ ለመንገደኛ ምግብ ትሠራለች። አሁን የሳተላይት ኢንተርኔት በሰዓት የሚያከራይ አንድ ሱቅ አለ፤ ከደጃፉ የፀሐይ ሰሌዳ ሥር ተቀምጬ ነው የምሠራው።

የጎማ ነጋዴው በደወለ ማግስት እዚያ ተቀምጬ ሥራዬን መዝጋት ጀመርኩ። የአንዱን ደንበኛ ፋይሎች አውርጄ እልክለታለሁ፣ መድረሱን አረጋግጬ ከሰርቨሩ አጠፋለሁ። የክሊኒኩን አጠፋሁ፣ የጎማውን አጠፋሁ። የመጨረሻው መዝገቡ ነበር፤ ከተከፈተም ወራት አልፎታል። የማጥፊያውን ቁልፍ ልጫን ስል ተውኩት። ይህን ካጠፋሁ በኋላ ለእማማ ዘሀራ የማሳየው ምንም ነገር አይኖረኝም፤ እኔም በቃ አልቋል ብዬ የምረሳበትን ቀን እየፈለግኩ እንደነበር ታወቀኝ። ፈራሁ። የባቲውን ቁጥር አውጥቼ ደወልኩ።

ካርቱም እንደሆንኩ፣ ያኔ ስለ ከድጃ ያነጋገሩት ሰውዬ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

“ተገኘች?” አሉ።

“አልተገኘችም፣ እማማ። የደወልኩት ያኔ የነገርኩዎት ትክክል ስላልነበረ ነው። ልጅዎ ተመዝግባ ነበር። ያጠፋኋት እኔ ነኝ፤ መዝገቡን ስሠራ አጥፍቼ ነው የሠራሁት። የምትሠራበትን ቤትም አብሬ አጠፋሁት።”

እርግማን ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ እርግማን ቢመጣ ይቀለኝ ነበር።

“ተጠሪ ይጠየቃል አይደል እዚያ ላይ?” አሉ ቀስ ብለው። “ማንን አለች?”

ሰዓዳ የነገረችኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ማንም የለኝም ማለቷን፣ በሩ ድረስ መሄዷን፣ መመለሷን። የጻፈቻት ሴት አለች፣ ራሷ ትነግርዎታለች አልኳቸው።

“ስሜን ብቻ ነው ወይስ እናቴ ብላ?”

“እናቴ ብላ ነው።”

“እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን እንደጠላችኝ ነው የማውቀው” አሉ። “ዱዓ ሳደርግላት እንኳ እያፈርኩ ነበር።” ይቅር በሉኝ አልኳቸው። ይቅር ብዬሃለሁም አላሉ፣ አላልኩህምም አላሉ። መዝገቡ አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው።

“እንግዲያው መልሰህ ጻፋት” አሉ።

እሺ ብዬ ዘጋሁ። ልጽፋት ስል የጁምዓ ቤቷ ስልክ ላይ አሚና አለች፤ ከድጃን ባስገባ አሚና ትጠፋለች። መዝገቡ ያንን ስህተት እንደያዘ ነበር፤ አዲስ የሚመዘገብ ስለሌለ አላረምኩትም። ወደ ኮዱ ገባሁና በአንድ ስልክ ብዙ ሴት እንዲኖር አድርጌ ሠራሁት። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ከዚያ ጻፍኳት። ከድጃ ሰዒድ። አገር፣ ባቲ። ተጠሪ፣ እናቷ ዘሀራ። የምትሠራበት ቤት የሚለውን ባዶ ተውኩት።